ውሻው የማን ነው?



«ምን አገባት ውሻ ከእርሻ» ይላል የአገራችን ሰው። ሰው በማያገባው ነገር ጥልቅ ሲል ለመገሠጽ የሚነገር ተረት ነው። ተረቱን ያወጣው ሰው ግን እርሻ ቦታ ላይ አንድ ሌሊት እንኳ አድሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። በቆሎ ሲያሽት ከርከሮውንና ጃርቱን የሚያባርረው ማን ሆነና ነው? ጅብ በረት ሲዞር ባለቤቱን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውስ? ምናልባት ቤት እንዲመታ ተብሎ ይሆናል እንጂ ውሻና እርሻ ከጥንት አብረው የኖሩ ናቸው። ኢዮብ እንኳ የመንጋው ጠባቂ የነበሩትን ውሾች ያነሣል (ኢዮብ 30፥1)።

«በቤተሰብ ዓምድ ላይ ደግሞ ውሻ ምን አመጣው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ያመጣው አንዲት እህት የላከችልን ደብዳቤ ነው። ስሟንና ሰፈሯን ትተን ጉዳዩን እንዲህ አሳጥረን እናቀርባለን።

እህታችን የሦስት ልጆች እናት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ ቤት ትኖራለች። ባለቤቷ ከሆለታ ወጣ ብሎ በወላጆቹ ይዞታ ላይ የወተት ላሞች አሉት፤ ጥቂት በሬዎችም ያደልባል። ሳምንቱን ከተማ ሠርቶ ቅዳሜ ማለዳ ወደዚያ ይወጣል፤ እሑድ ለአምልኮ ይደርሳል። እርሻው ላይ አማቷ፣ አንድ ሠራተኛና አንድ እረኛ ልጅ ይኖራሉ፤ አራት ውሾችም አሉ። ከዚያ ካሉት አንዷ ስትወልድ ባለቤቷ አንድ ቡችላ በካርቶን አድርጎ ለልጆቹ አመጣላቸው። ገና አንድ ወሩ ነበር። ስሙን ቡቺ አሉት። (በከተማችን ስንቱ ውሻ ቡቺ እንደሚባል እናንተው ታውቃላችሁ።)

ቡቺ አደገና ጫማ መቆራረጥ፣ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ መጎተት ጀመረ። አከራይዋ አጉረመረሙ። ባለቤቷ ያለ ብዙ ንግግር ወደ እርሻው መለሰው። እዚያ ያሉት ውሾች ግን አልተቀበሉትም፤ ጆሮውን ቀደዱት። አማቷም «ይሄ የከተማ ልጅ ነው፣ ውሰዱልኝ» አሉ። በጆንያ ተደርጎ በአይሱዙ ተመለሰ። ከጥቂት ወር በኋላ እንደገና ሄደ፤ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ ሲመጣ ጠባዩ ተለውጦ ነበር፤ ሰው ሲቀርበው ያጉረመርም ጀመር። አንድ ቀን የስምንት ዓመቱ ልጅ አጥንት ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ነከሰው።

ልጁ ለማንም አልተናገረም። አራት ቀን ሙሉ እጅጌውን ወደ ታች ስቦ ዋለ። ያየችው የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ገላውን ስታጥበው። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ክትባቱ ተጀመረለት። ውሻው ታስሮ ተጠበቀ፤ ዐሥር ቀን አለፈ፤ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን።

እህታችን እንዲህ ትላለች፦ «ልጄ ተርፎልኛል። እኔ ግን ባለቤቴን ማየት አስጠልቶኛል። ውሻውን ያመጣው እሱ፣ ያላስከተበው እሱ። ዛሬ ደግሞ ‹ቤት የምትውዪው አንቺ ነሽ፣ ውሻው ያንቺ ነው› ይለኛል። ልጁን ለምን እንደ ደበቀ ስጠይቀው ‹አባዬ የሚናከስ ውሻ ይገደላል ብሏል› አለኝ። ውሻውን ላስወግደው ወይስ ምን ላድርግ?»

እህቴ ሆይ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። በመጀመሪያ ያስተዋልሁት ይህን ነው፦ ቡቺ ሁለት ቤት አለው፣ ባለቤት ግን የለውም። እርሻው ላይ ሠራተኛው «የጌታዬ ውሻ ነው» ብሎ አይነካውም። አማትሽ «የልጆቹ ነው» ይላሉ። ከተማ ሲመጣ አንቺ «የእሱ ነው» ትያለሽ፤ እሱ «ያንቺ ነው» ይላል። የሚያበላው እንኳ ተረፈ ምርፉን በጣሳ የምትወረውርለት ሠራተኛ ናት፤ እርሷም ያዘዛት የለም። በመንደራችን «የጎዳና ውሻ» የምንላቸው ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ አንድ ጊዜ የሆነ ቤት ያበላቸው፣ ኋላ ቤቱ ሲፈርስ ወይም ቤተሰቡ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ከደጅ የቀሩ ናቸው።

ሙሴ ለእስራኤል በሰጠው ሕግ ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን አስቡ (ዘጸአት 21፥28-29)። በሬው መዋጋት የለመደ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀርና ሰው ቢገድል፣ ፍርዱ ከበሬው አልፎ ወደ ሰውየው ይመጣል። «አላየሁትም፣ እኔ እርሻ ላይ አልነበርሁም» የሚል መልስ አይሠራም። የአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በቁጥር 2071 የሚለው ከዚህ አይርቅም፤ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦት ቢሆን እንኳ። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ የጻፈ ሁሉ ከኃላፊነቱ የወጣ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የቤት ለቤት ኅብረት የምታስተናግዱ ወገኖችም ይህን ልብ በሉ። እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ውሻው ታስሯል?» እያለ እየጮኸ በየሳምንቱ ወደ ጸሎት መምጣት የለበትም።

አሁን ወደ ልጁ እጅ ልመለስ፤ በዚህ ቀልድ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባት ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ ነው። ለሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። በሽታው ይኖርበታል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋር ይጫወታል፣ ቁመቱ አጭር ነው፣ ሲነከስም ይደብቃል።

ስለዚህ ውሻ ሰው ሲነክስ፣ ቡችላም ቢሆን፣ ጥርሱ ጫር ብቻ ቢያደርግም፣ ወዲያው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል እጠቡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ በሰዓት ያዙት። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል አትነስንሱበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቀናት ካለፉም «አሁንማ ረፍዷል» ብላችሁ አትቅሩ፤ በሽታው ምልክት ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል፣ አንዳንዴ ግን በሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። የተጀመረውንም ክትባት ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ሁሉ ጨርሱ። ውሻውን ቸኩላችሁ አትግደሉት። አስራችሁ ዐሥር ቀን ተመልከቱት፤ በምራቁ በሽታውን የሚያስተላልፍ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ክትባቱ ግን ዐሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል። የተገደለና የተጣለ ውሻ ምንም አይነግራችሁም። እንግዲህ «የሚናከስ ውሻ ይገደላል» የሚለው የአባት ቃል በሁለት በኩል ጎድቷል፤ ልጁን አፉን አስዘግቶታል፣ ውሻውም ተገድሎ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ የሚያውቀውን ነገር ባሳጣው ነበር።

በጉባኤዎቻችን መካከል «እኛ በጸሎት እንጂ በመርፌ አንታመንም» የሚሉ አልጠፉም። በፈውስ አምናለሁ። ነገር ግን ለእጃችን ሳሙናውን፣ ለከተማችን ጤና ጣቢያውን የሰጠ ጌታ ሌላ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1885 በፓሪስ ሉዊ ፓስተር የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረውን ጆሴፍ ማይስተርን በእብድ ውሻ ከተነከሰ በኋላ ከከተበው ጀምሮ ይህ መንገድ ተከፍቷል። ልጁን ይዛችሁ እየሄዳችሁ ጸልዩ፤ ታክሲ ውስጥ መጸለይ ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንረሳውን አንድ ሰው ላንሣ። እረኛውን ልጅ ማለቴ ነው። እርሻ ላይ ውሾቹን የሚያስር፣ የሚፈታ፣ ሲጣሉ መሐል ገብቶ የሚገላግል እርሱ ነው። መጀመሪያ የሚነከሰውም እርሱ ነው። የእናንተ ልጅ ሲነከስ መኪና ይነሣል፤ እረኛው ሲነከስ ግን «ትንሽ ነው፣ ይድናል» ይባልና አመድ ይነሰነስበታል። እርሱም የሰው ልጅ ነው፤ እናቱ አምና ሰጥታችኋለች። ከተማም ያለችው ሠራተኛ እንዲሁ። ክርስቲያን ቀጣሪ «ውሻው ነክሶህ ያውቃል?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎዳል? ጠይቁ፤ የሚሰጠው መልስ ያስደነግጣችሁ ይሆናል።

በሽታው በእርሻና በከተማ መካከል ድንበር እንደማያውቅ የባሌ ተራሮች ታሪክ ያሳያል። ከብት ጠባቂዎች ወደ ላይኛው ግጦሽ ሲወጡ ውሾቻቸው ይከተሏቸዋል። በዚያ ከፍታ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከአገራችን በቀር የትም የለም፤ የቀረውም 500 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ከእነዚህ ቀበሮዎች ብዙዎቹን ፈጀ። የመፍትሔው አንዱ ክፍል የገበሬዎቹን ውሾች መከተብ ሆነ። ውሻ ሲከተብ የሚድነው ብዙ ነው፤ እረኛው፣ ላሟ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የማናውቀው አውሬ ሁሉ።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ዝም ብሎ የሚገባ ነው። ለበዓል እርሻው ላይ ቅርጫ ሲታረድ፣ በሳንባው ወይም በጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል። «ይሄ ለውሻ ነው» ይባልና ይወረወራል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው በውሻ አንጀት ገብቶ ትንሽ ትል ይሆናል፤ የኮሶ ትል ዘመድ ነው። ውሻው የታመመ አይመስልም። የትሉ እንቁላል ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከጸጉሩም ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ይደባብሳል፣ ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። ከዚያ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እንግዲህ ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ አትስጡ፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻውም በየጊዜው የትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ከተማ ያለው ውሻ እርሻው ላይ የበላውን ይዞ ነው ወደ ልጆቻችሁ የሚመጣው።

ስለ ቡቺ ስለ ራሱም ጥቂት ማለት አለብኝ። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚጠነቀቅ መጽሐፉ ይናገራል (ምሳሌ 12፥10)። ቡችላ ቢያንስ ሁለት ወር እስኪሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ቢቆይ፣ ሲጫወት ሲነክስና ሲነከስ ምን ያህል መንከስ እንደሚያሳምም ይማራል። የእናንተው በአንድ ወሩ በካርቶን ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ከርሞ አጭር ሰንሰለት ውስጥ ገባ፤ ከሰንሰለት ወጥቶ በማያውቁት ውሾች መሐል ተጣለ፤ በጆንያ ታስሮ መኪና ላይ ተጫነ። ቀን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ የሚከፋው ጠባዩ ክፉ ሆኖ ከተፈጠረ ይመስላችኋል? ይፈራል፤ የሚሸሽበትም ስለሌለው ይናከሳል። አንዳንድ ወገኖች በራእይ 22፥15 እና በፊልጵስዩስ 3፥2 የተጠቀሰውን ይዘው ውሻ ሁሉ የተረገመ ነው ይሉኛል። እነዚያ ቃላት የተነገሩት ስለ ሰዎች ነው። ጌታ ከከነዓናዊቷ ሴት ጋር ሲነጋገር ከማዕድ በታች የነበሩት ቡችሎች ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖሩ ነበሩ፤ ማንም ከዚያ አላባረራቸውም (ማቴዎስ 15)።

ላስወግደው ወይ ላልሽኝ መልሴ ይህ ነው። መመላለሱ ይቁም። ቡቺ አንድ ቤት ይኑረው። የትኛው እንደሚሆን ሁለታችሁ ወስኑ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ልወስንላችሁ አልችልም። ከተማ የሚቀር ከሆነ የአከራያችሁን ፈቃድ በግልጽ ጠይቁ፤ ግቢው ውስጥ ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይሠራለት። የቆርቆሮ ቤት ብቻውን አይበቃም፤ ቀን ምጣድ፣ ሌሊት በረዶ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ተፈትቶ የሚሮጥበት ሰው ይመደብለት። ልጆቹ ሲበላ እንዳይቀርቡት አስተምሯቸው፤ ትንሹ ያለ አዋቂ ብቻውን አብሮት አይሁን።

ወደ እርሻው የሚሄድ ከሆነ ባለቤትሽ ቅዳሜ ጠዋት ጥሎት እሑድ አይመለስ። እዚያ ጥቂት ቀን ይቆይ። ውሾቹ መጀመሪያ በአጥር መሐል ይተዋወቁ፤ ለብቻው ይብላ፤ የሚያበላውም ወደ ፊት አብሮት የሚኖረው ሠራተኛ ይሁን። ከአማትሽም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። እርሳቸው ሳይጠየቁ ውሻ ሲላክላቸውና ሲወሰድባቸው ኖረዋል፤ «ውሰዱልኝ» ያሉት ከክፋት አይመስለኝም። አሁን የሚጠይቃቸው ልጃቸው ይሁን እንጂ አንቺ አትሁኚ።

በባለቤትሽ ላይ የያዝሽውን ቁጣ በተመለከተ፣ ቁጣሽ ምክንያት አለው። «ቤት የምትውዪው አንቺ ነሽ» የሚለው ንግግር ስለ ውሻ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ አንቺም አልመሰለሽም። በብዙ ቤት ባል ያመጣውን ሚስት ታሳድገዋለች፤ በጉ፣ ዶሮው፣ ከገጠር የመጣው ዘመድ ልጅ፣ ውሻው። ወንድሜ ሆይ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ደስታውን ለልጆችህ በካርቶን ይዘህ ስትገባ ሥራውን ለማን እንዳመጣህ ጠይቀህ ታውቃለህ? እህቴ ደግሞ፣ ለሁለት ዓመት ውሻው አለመከተቡን እያወቅሽ «የእሱ ጉዳይ ነው» ብለሽ የጠበቅሽ ከሆነ፣ ያ መጠበቅ ለማን እንደ ጠቀመ አስቢ። ሁለታችሁም በልጆቹ ፊት አትነጋገሩበት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተቀመጡ፤ አስቀድማችሁ ጸልዩ፤ ከዚያ በወረቀት ላይ ስም ጻፉ። ማን ያበላል፣ ማን ያስከትባል፣ ማን ይከፍላል፣ ሲታመም ማን ይወስዳል። አንድ ስም ፊት ለፊቱ ያልተጻፈበት ሥራ ካለ ሠራተኛዋ ላይ እንደሚወድቅ እወቁ።

ልጁ ግን ከሁሉ ይቀድማል። አባቱ ራሱ ያናግረው። «ውሻው አይገደልም፤ አንተም አትቀጣም፤ ውሻ ሲነክስህ በዚያችው ደቂቃ ንገረኝ» ይበለው፤ በዚህ ቃልም ይጽና። የልጁ ዝምታ አራት ቀን ቆይቶ በደኅና አለፈ። በሌላ ቤት ሌላ ልጅ ዛሬ እጅጌውን ስቦ ይሆናል፤ ስለዚህ ሌሎቻችሁም ወላጆች ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ ጠይቁ።

ክትባቱ ከባድ ነገር አይደለም። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገማል፣ በአብዛኛው በየዓመቱ። የሚሰጣችሁን ካርድ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ መሳቢያ አስቀምጡት። ቡቺ ብቻውን ቢከተብ ደግሞ በቂ አይደለም፤ እርሻው ላይ አራት ውሾች አሉ። ባለቤትሽ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ቀደም ብሎ ያነጋግርና አምስቱም በአንድ ቅዳሜ ይከተቡ። ያን ዕለት ልጁንም ይዞት ቢሄድ ደስ ይለኛል። ሠራተኛውና እረኛው ውሾቹን ሲይዙ፣ ካርዶቹን የሚይዝና የየውሻውን ስም የሚያስጽፍ አንድ ሰው ያስፈልጋል።